ሽጉጥ፣ ቅጽና ድልድይ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ስለ መሣሪያ መብትና ቁጥጥር

ክቡራን ታዳሚዎች፣

ከአርሊንግተን ተነስቶ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገባ መኪና ወንዙን ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ሾፌሩ በያዘው ሽጉጥ ላይ የሚሠራው ሕግ ይለወጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሠልጥኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሽጉጡን በወገቡ አድርጎ የወጣ ሰው ዲሲ ሲደርስ ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልምና። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስ እዚያ እስከ 5 ዓመት እስር የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ሽጉጡን ቤቱ ትቶ ቢወጣ እንኳ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንዲት ጥይት ብትገኝና በዲሲ ያስመዘገበው መሣሪያ ከሌለው፣ ጥይቷ ብቻዋን ልታስከስሰው ትችላለች።

ስለ መሣሪያ መብት የሚደረገው ክርክር በቴሌቪዥን ሲቀርብ «መብቴን አትንኩ» በሚልና «ሕዝብ አለቀ» በሚል ወገን መካከል የሚካሄድ ጩኸት ይመስላል። ሕጉን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው ያለው። መሣሪያ ከሻጭ ወደ ገዢ ሲያልፍ ማን ያጣራል? መዝገቡ የት ይቀመጣል? ቤት ከገባ በኋላስ ማን ይቆልፍበታል? የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአንድ የአገር ቤት አዋጅ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን የመጣነው መሣሪያ በመንግሥት ፈቃድ ከሚያዝበት አገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያላገኘ ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። በገጠሩ ልማዱ ከሕጉ ሰፋ እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ የሕጉ መነሻ ግን ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ መነሻው ተገላቢጦሽ ነው። መያዝ መብት ነው፤ ሕጉ የሚዘረዝረው የማይፈቀድላቸውን ሰዎች፣ ቦታዎችና የመሣሪያ ዓይነቶች ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው «መንግሥት ለምን አይሰበስበውም?» እያለ ይገረማል። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጥናት ተቋም በ2017 በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ ያለውን መሣሪያ ወደ 393 ሚሊዮን ገምቶታል፤ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ሕገ መንግሥቱ ቢፈቅድ እንኳ ይህን ያህል መሣሪያ ከየቤቱ መሰብሰብ የሚታሰብ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱን በአጭሩ ልለፈው። ሁለተኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። አንቀጹ ሚሊሻን ስለሚጠቅስ፣ መብቱ የግለሰብ ነው ወይስ ከሚሊሻ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ክርክር ረጅም ዘመን ቆይቷል። ጉዳዩ የተቋጨው በዚህችው በዲሲ ነው። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪ አዲስ ሽጉጥ እንዳያስመዘግብ ከልክላ ነበር፤ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄለር ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ ክልከላውን ሻረው። ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ የመያዝ የግል መብት አለው አለ። በ2010 ውሳኔው በስቴቶችና በከተሞች ላይም እንዲሠራ ተደረገ። የሄለር ውሳኔ ግን በወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች እንዳይዙ የሚከለክለውን፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንፃ መያዝን የሚያግደውን፣ በንግድ ሽያጭ ላይ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጠውን ሕግ እንደማይነካ እዚያው ጽፏል። ብዙ ተከራካሪ ይህን ክፍል አንብቦ የሚያውቅ አይመስልም።

ቀጥሎ የመጣው የ2022ቱ የብሩን ውሳኔ ነው። ኒው ዮርክ ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት «በቂ ምክንያት አለህ?» ብላ ትጠይቅ ነበር፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑን የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ፤ እኔም በዚህ ከውሳኔው ጋር ነኝ። የፈቃድ ሰጪ ፊት ማየት ምን እንደሚያስከትል የዚህ አገር ታሪክ ያሳያል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 ሞንትጎመሪ ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ለባለሥልጣን ስሜት የተተወ ሕግ መጀመሪያ የሚጎዳው ጥቁሩንና መጤውን ነው። የመሣሪያ መብት ተከራካሪዎች ይህን ሲያነሱ ልንሰማቸው ይገባል።

የብሩን ውሳኔ ያመጣው ችግር መለኪያው ነው። አንድ የቁጥጥር ሕግ እንዲጸና በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ዘመድ፣ ማለትም የሚመስለው የቆየ ሕግ፣ ያለው መሆን አለበት አለ። በ1791 ሚስቱን የደበደበ ባል መሣሪያውን እንዲያስረክብ የሚያዝ ሕግ አልነበረም፤ ድብደባው ራሱ በአብዛኛው እንደ ወንጀል የሚታይበት ዘመን አልነበረም። ስለዚህ በሥሩ ያሉ ፍርድ ቤቶች ግራ ተጋቡ። በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 መለስ ብሎ፣ መንታ ሕግ መፈለግ አያስፈልግም፣ መርሁ መመሳሰሉ ይበቃል አለ። ፍርድ ቤት ለሌላው ሰው አደገኛ ነው ብሎ የጥበቃ ትዕዛዝ ያወጣበት ሰው ትዕዛዙ እስካለ ድረስ መሣሪያ ሊከለከል እንደሚችል አጸና።

አሁን ወደ መሣሪያ ሱቁ መስኮት እንሂድ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ፎርም 4473 ይሞላል። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነት ይጽፋል፤ ዜጋ ካልሆነ የግሪን ካርድ ወይም የመግቢያ ቁጥሩን ይጨምራል። ከዚያ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» የሚል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሰሃል ወይስ ተፈርዶብሃል? በቤት ውስጥ ጥቃት ሚስድሚነር በሚባለው ቀላል ወንጀል እንኳ ተፈርዶብሃል? የጥበቃ ትዕዛዝ አለብህ? በፍርድ ቤት በአእምሮ ሁኔታህ ላይ ተወስኖብሃል? ሕገ ወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ? ማሪዋና በስቴቱ ሕግ ቢፈቀድም በፌደራል ሕግ ክልክል መሆኑን ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሦስቱም ማሪዋና መያዝን ስለፈቀዱ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጫትም እንዲሁ ነው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመድቧል። አዘውትሮ የሚቅም ሰው ያንን ጥያቄ «አይደለም» ብሎ ቢፈርም በፌደራል ቅጽ ላይ ሐሰት ፈርሟል።

ነጋዴው ቅጹን ተቀብሎ ባክግራውንድ ቼክ ያስደርጋል። ይህ ሥርዓት በ1993 በጸደቀው የብሬዲ ሕግ የመጣ ነው፤ ኒክስ የተባለው የኤፍቢአይ የኮምፒውተር ማጣሪያ ደግሞ በኅዳር 1998 ሥራ ጀመረ። መልሱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ «ይለፍ»፣ «ይቆይ» ወይም «ተከልክሏል» ይላል። የሚሰበረው «ይቆይ» ላይ ነው። ሦስት የሥራ ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ፣ በፌደራል ሕግ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። በ2015 በቻርልስተን የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። የዕፅ ክሱ መዝገብ ላይ ነበረ፤ አጣሪዋ ግን ዝርዝሩን የያዘውን ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሳታገኝ ቀኑ አለፈ። በ2022 በጸደቀው ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ገዢዎች ጊዜው እስከ 10 የሥራ ቀን ሊራዘም ይችላል። ለሌላው ገዢ የፌደራሉ ሦስት ቀን እንዳለ ነው።

ሌላው ስብራት መዝገቡ ጭራሹኑ ሳይላክ ሲቀር ነው። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰው የገደለው ተማሪ ሕክምና እንዲከታተል በፍርድ ቤት ታዝዞ ነበር፤ ትዕዛዙ ለኒክስ ስላልተላለፈ ማጣሪያውን አልፎ ሁለት ሽጉጥ ገዛ። በ2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ቤተ ክርስቲያን እልቂት ያደረሰው የቀድሞ ወታደር በቤት ውስጥ ጥቃት በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፤ አየር ኃይሉ ፍርዱን ሳያስተላልፍ ቀረ። በሁለቱም ጊዜ ሕጉ ነበረ፤ የጎደለው ወረቀቱን የሚልክ ሰው ነው። ከሁለቱም በኋላ የፌደራሉ ምክር ቤት (ኮንግረስ) የመዝገብ አላላኩን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። «ያለውን ሕግ አስፈጽሙ» የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ ያለውን ለማስፈጸም ግን የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ኮምፒውተርና በጀት ይጠይቃል።

የፌደራሉ ማጣሪያ የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ግዴታ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ስቴቱ ነው።

«ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ፤ እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚታለፍ ነውና። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ አለ። አብራምስኪ የተባለ የቨርጂኒያ ሰው፣ የቀድሞ ፖሊስ በመሆኑ ቅናሽ ስለሚያገኝ፣ ፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎቱ ገንዘቡን ቀድሞ ልኮለታል። አጎቱንም መሣሪያ ከመያዝ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም፤ ሽጉጡንም የተረከበው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ተጣርቶ ነው። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 በአብራምስኪ ላይ የተሰጠውን የጥፋተኝነት ፍርድ አጸናው፤ ቅጹ ላይ ገዢው እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟልና። ከገንዘብህ ላይ ለወንድምህ ስጦታ መግዛት ይፈቀዳል፤ የወንድምህን ገንዘብ ተቀብለህ በስምህ መግዛት አይፈቀድም። ከ2022 ጀምሮ መሣሪያ ለተከለከለ ወይም ከባድ ወንጀል ሊፈጽምበት ላሰበ ሰው ተክቶ መግዛት ራሱን የቻለ የፌደራል ወንጀል ሆኖ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። መኪና ሆነ የስልክ መስመር በዘመድ ስም ማውጣት የለመደ ማኅበረሰብ ይህን አጥብቆ ማወቅ አለበት።

ወንጀል የተፈጸመበት ሽጉጥ ሲገኝ የባለቤቱ ስም ኮምፒውተር ላይ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይወጣም። በ1986 የጸደቀው ሕግ የፌደራል መንግሥት የባለመሣሪያዎች ማዕከላዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል፤ ተጣርቶ ያለፈ ገዢ መዝገብም ከኒክስ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። ስለዚህ ኤቲኤፍ የተባለው የፌደራል የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፍለጋ ማዕከል፣ ማርቲንስበርግ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው፣ ሥራውን የሚሠራው ወደ ኋላ እየተከተለ ነው። በመለያ ቁጥሩ አምራቹን ይጠይቃል፤ አምራቹ አከፋፋዩን ይናገራል፤ አከፋፋዩ ሱቁን፤ ሱቁ ፎርም 4473ን አገላብጦ የመጀመሪያውን ገዢ። ሱቁ ከተዘጋ ወረቀቱ በካርቶን ታሽጎ ማርቲንስበርግ ይመጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ነገር ግን በገዢ ስም ፈልጎ ማግኘት በማይቻልበት መንገድ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል። ሠራተኛው ገጽ በገጽ ያገላብጣል። ሽጉጡ ከዚያ በኋላ ሦስት እጅ ቢያልፍ መንገዱ መጀመሪያው ገዢ ላይ ያበቃል።

ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መዝገብ ካለ አንድ ቀን ይነጥቁናል የሚለው ፍርሃት በብዙ አሜሪካዊ ዘንድ እውነተኛ ነው፤ የነጠቀ መንግሥት ካየንበት አገር ለመጣን ለመረዳት አይከብደንም። ዋጋውን ግን መናገር ያስፈልጋል፤ ዋጋው የሚከፈለው በመርማሪው ጊዜና በሚቀጥለው ተጎጂ ነው።

ሦስቱን አካባቢዎች በአጭሩ ላነጻጽር። ዲሲ ማንኛውም መሣሪያ በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ እንዲመዘገብ ታዝዛለች፤ ይዞ ለመውጣት 16 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣትን ትጠይቃለች፤ አሻራ፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና ከተኩስ ልምምድ ጋር፣ ከዚያ ሲገዙ የ7 ቀን ቆይታ። ይዞ ለመውጣት ደግሞ የ16 ሰዓት ሥልጠና አለ። ቨርጂኒያ ለመግዛት የተለየ ፈቃድ አትጠይቅም፤ በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው፤ መሣሪያው ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ባለቤቱ ባወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለበት። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በየጥር ይሰበሰባል፤ አዲስ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ሐምሌ 1 ይጸናሉ፤ ስለዚህ ዓምና የሰማችሁትን ዘንድሮ አትመኑ።

ከእነዚህ ውስጥ እኔ የምደግፈው የሜሪላንድን አሠራር ነው፤ ከሽያጩ በፊት ፈቃድ ማውጣት። አሻራ የሰጠ ሰው የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ መግዛት ይከብደዋል፤ ጊዜው ሦስት ቀን ሳይሆን እስከ 30 ቀን ስለሆነ የተበተነ መዝገብም ይደረሳል። ኮነቲከት በ1995 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ፣ ሚዙሪ በ2007 የነበራትን ሰርዛ፣ ተመራማሪዎች በአንዷ የመሣሪያ ግድያ መቀነሱን በሌላዋ መጨመሩን አሳይተዋል። የአራተኛው አካባቢ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 የሜሪላንዱን ሕግ አጽንቶታል። ተቃዋሚዎቹ ለሥልጠና፣ ለአሻራና ለማመልከቻ የሚወጣው ገንዘብ ድሃውን ይከለክላል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፤ መፍትሔው ግን ክፍያውን ማንሳት ነው።

ዜጋ ላልሆናችሁ ይህን ለይቼ እናገራለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ይገዛል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ የገባ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። መያዝ ማለት መግዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሬሃይፍ የተባለ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ተማሪ ፍሎሪዳ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ከተሰናበተና ቪዛው ዋጋ ካጣ በኋላ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ በመተኮሱ ተከሶ ተፈርዶበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ የኢሚግሬሽን ሁኔታውን ማወቁን ማስረዳት አለበት ብሎ ፍርዱን ሻረለት፤ ክልከላው ግን እንዳለ ነው። ቪዛው አልቆ የጥገኝነት ማመልከቻው ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር፣ ከጓደኛ ጋር ለመዝናናትም ቢሆን፣ ተኩስ መለማመጃ አይሂድ። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን መሣሪያን በሕገ ወጥ መንገድ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም ይዞ በመንቀሳቀስ ከተፈረደበት፣ ወንጀሉ ቀላል ቢባልም ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ዜጋው በገደብ የሚለቀቅበት የድልድዩ ስህተት ለዚህ ሰው የመባረር ፋይል ይከፍታል። ክስ ሲመጣ የወንጀል ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅሃል» ካለ፣ ከመፈረም በፊት ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

ታክሲና ኡበር ለምትሠሩ፣ ኡበር ሾፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ የስቴት ፈቃድ መኖሩ ይህን አይለውጠውም። መሣሪያውን ከአንድ ሕጋዊ ቦታ ወደ ሌላ ሕጋዊ ቦታ ለማጓጓዝ በዲሲ ማለፍ የግድ ከሆነ፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያውም ጥይቱም እጅ በማይደርስበት በኋላ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። የኋላ ሻንጣ ለሌለው መኪና የተቆለፈ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ከፊት ወንበር ያለው መሳቢያም ሆነ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው ሣጥን አይቆጠርም። ለቡና መቆም፣ ዘመድ መጠየቅ የፌደራሉ ሕግ እንዲህ ለሚያጓጉዝ ሰው የሚሰጠውን ጥበቃ ሊያሳጣ ይችላል።

የቀረኝ ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ክርክሩ ሁሉ ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ከግማሽ በላይ ስለሆኑት ሰዎች እምብዛም አይወራም፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጭራሹኑ ይደበቃል። በሽጉጥ የሚሞክር ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ አካባቢ ይሞታል፤ በክኒን የሚሞክር አብዛኛው ይተርፋል፤ ከተረፉት ደግሞ አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። ስለዚህ በአስከፊዋ ሰዓት በሰውየውና በሽጉጡ መካከል የተቆለፈ ሣጥን መኖሩ ነፍስ ያድናል። ራንድ የተባለው ተቋም የመሣሪያ ሕጎችን ጥናት አንድ በአንድ ሲመዝን በብዙዎቹ ላይ ማስረጃው አይበቃም ብሏል፤ መሣሪያን ከሕፃናት እንዲያርቁ የሚያስገድዱ ሕጎች ግን የወጣቶችን ራስን ማጥፋትና ድንገተኛ ጉዳት እንደሚቀንሱ ጠንካራ ማስረጃ አግኝቷል። መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ በብረት ሣጥን ይቆለፍ፤ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቆለፍ፤ ቁልፉን ወይም ቁጥሩን ልጆች አይወቁት። አልጋ ሥር፣ ፍራሽ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለውን ልጅ ያገኘዋል።

ቤተሰብ አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ነው ብሎ ከሠጋ፣ ፍርድ ቤት መሣሪያውን ለጊዜው እንዲያስወስድ ማድረግ ይቻላል። ሜሪላንድ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ራሱ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ለፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር፣ ሌሊትም ቢሆን። ዲሲም ቤተሰብ እንዲያመለክት ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን አመልካቹ ፖሊስ ወይም የኮመንዌልዝ ዐቃቤ ሕግ ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ያየውንና የሰማውን፣ መሣሪያው ያለበትን ቦታና የተላኩ መልእክቶችን ይዞ ለፖሊስ ማስረዳት አለበት። ሂደቱ የወንጀል ክስ አይደለም። በእንግሊዝኛ ማስረዳት የሚከብደው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ። አደጋው አሁን ከሆነ 911 ይደወል፤ ሰውየው የሚያዋየው ሰው ከፈለገ 988 ሌት ተቀን ያነሣል።